የግልገሏ ቀበሮ ድምፅ

ጭሮ ውስጥ እህቴን በመልክ የሚያውቃት ጥቂት ነበር፤ በድምፅ የማያውቃት ግን አልነበረም። ቪዲዮ ቤት ፊልም ትተረጉም ነበር። ሥራውን ላላየ ሰው ላስረዳ፦ ከስክሪኑ ጎን በመጋረጃ ተከልላ ማይክሮፎን ትይዛለች። ሰዎቹ ሲናገሩ የፊልሙን ድምፅ ዝቅ አድርጋ በአማርኛ ትናገርላቸዋለች፤ ሙዚቃው ሲመጣ መልሳ ከፍ ታደርገዋለች። ሽማግሌውም፣ ሽፍታውም፣ ሙሽራይቱም እሷው ናት። እንግሊዝኛዋ ያን ያህል አልነበረም፤ ያልገባትን ከፊታቸው እያነበበች ትሞላዋለች። ከመሰላ የመጡ ገበያተኞች ካሉ ደግሞ ሽፍታው ድንገት በኦሮምኛ ይራገማል፤ ቤቱ በሳቅ ይናጋል።

ከሁሉ የሚሆንላት ካርቱን ነበር። ልጆቹ «አዳዳ» ይሏታል፤ በኦሮምኛ አክስት ማለት ነው። በጣም የሚወዱት እናቷ የጠፋችባት ግልገል ቀበሮ ታሪክ ነው፤ በየቅዳሜው ትንሽ ትንሽ ስለምታሳያቸው መጨረሻውን ገና አላዩትም ነበር። ለግልገሏ ያወጣችላት ድምፅ ቀጭን፣ መጨረሻው ላይ የሚንቀጠቀጥ ነበር። ሽንኩርት ስትከትፍ ሳይቀር ትለማመደዋለች።

እህቴ አንገቷ ላይ እንቅርት ነበራት። በእኛ አገር ብዙ ሴት ስላለባት ማንም ልብ አላለውም። ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ትንፋሽ ያጥራት ጀመርና ሐረር ወሰድናት። ሐኪሙ እንቅርቱ የአየር ቧንቧዋን እየተጫነ ስለሆነ መውጣት አለበት አለ። ድምፅን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ እዚያው አጠገብ እንደሚያልፍ፣ ሊጎዳ እንደሚችልም አልደበቀንም። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ፣

«እስቲ አስረጂኝ፣ አስተማሪዋ» አለችኝ። «ከመጋረጃ ጀርባ ያለ ሰው ድምፁ ከሄደ ምኑ ይቀራል?»

ለቀዶ ጥገናው ልትሄድ ስትል፣ በመጨረሻው ቅዳሜ፣ ያንኑ ካርቱን እያሳየች ሳለ መብራት ጠፋ። ግልገሏ የእናቷን ጉድጓድ አግኝታ ደጃፉ ላይ ቆማለች፤ ገና ልትጣራ ነው። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ጄኔሬተሩን መቻራ ልኮት ስለነበር፣ ቀሪውን አዳዳ ስትመለስ ታያላችሁ፣ ኢንሻአላህ፣ ብሎ ልጆቹን አሰናበተ።

ቀዶ ጥገናው ደህና አለፈ፤ ትንፋሿም ተስተካከለ። ድምፅዋ ግን ከሹክሹክታ አላለፈም። እናታችን ከቤተ ክርስቲያኗ ምእመናን ጋር ጸለየች፤ ወራት ጠበቅን፤ አልተመለሰም። ልጆቹ መንገድ ላይ ባገኟት ቁጥር ቀበሮዋ እናቷን አገኘች ወይ ብለው ይጠይቋታል። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ እኔን ይዛ መጋረጃው ውስጥ ገባች። እሷ በጆሮዬ ልታንሾካሹክልኝ፣ እኔ በማይክሮፎኑ ልናገር ተስማማን።

ግልገሏ ደጃፉ ላይ ደረሰች። የለመድኩትን የክፍል ድምፄን አቅጥኜ፣ «እማዬ፣ እኔ ነኝ» አልኩ።

ከፊተኛው አግዳሚ አንዲት ልጅ፣ «ይቺ ሌላ ናት፤ እናቷ አታውቃትም» አለች። ሌሎቹ ሳቁ።

እህቴ ማይክሮፎኑን ከእጄ ወሰደችና ወደ ከንፈሯ አስጠጋችው። አንገቷ ሲወጠር አየሁ። ከድምፅ ማጉያው የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር፤ በር ሥር እንደሚገባ ነፋስ። ማይክሮፎኑን አጠፋችና የፊልሙን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገችው። እናትና ልጅ በእንግሊዝኛ ተላቀሱ። ልጆቹም አንድ ቃል ሳይገባቸው አጨበጨቡ።

እህቴ ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቀች። ከዚያ ገመዱን ጠቅልላ ማይክሮፎኑን ለባለቤቱ መለሰችለት።