ፀሐይ አታልቅም ያልኩ ዕለት

በደርግ ጊዜ አዋሳ ውስጥ መምህር ነበርኩ። አንድ እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ላይ አንድ ሰዓት ያህል አርፍጄ ደረስኩና፣ ከሊቀመንበሩ ዓይን ሸሽቼ ከበርበሬ ነጋዴዋ ከእትዬ ከድጃ አጠገብ ተቀመጥኩ። ካድሬው በረሃ ላይ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ትልቅ የመብራት ጣቢያ ሊተከል መሆኑን ተናግሮ የሕዝቡን አስተያየት ይጠይቃል።

እትዬ ከድጃ ተነሡ። «ፀሐይዋን እዚያ ከሰበሰባችኋት የእኛ በርበሬ በምን ሊደርቅ ነው?» አሉ።

አዳራሹ ሳቀ። ካድሬው ግን አልሳቀም። እኔ ማርፈዴን ላስረሳ ብዬ ተነሣሁና፣ ፀሐይ ብትቀዳ ብትቀዳ እንደማታልቅ፣ ጣቢያው ዛሬ ነገ ሳይባል መሠራት እንዳለበት ልክ ክፍል ውስጥ እንዳለሁ አስረዳሁ። ካድሬው ራሱ አጨበጨበልኝ።

«እንግዲህ የተስማማ እጁን ያውጣ» አለ።

በዚያ ዘመን መጀመሪያ እጅ ይወጣል፣ ጉዳዩ በኋላ ይጠየቃል። እኔም አወጣሁ። ዞር ብዬ ሳይ ግን ያ ሁሉ ሰው እጁን ጭኑ ሥር ሸጉጦ መሬት መሬት ያያል። በቀበሌ ስብሰባ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ክው አልኩ። እጄን ላወርድ ስል ጸሐፊው ስሜን ጽፎ ጨርሷል።

«እትዬ ከድጃ፣ ምንድን ነው ነገሩ?» አልኩ በሹክሹክታ።

«አንተ ሳትመጣ ነው የተነገረው። የተስማማ ሰው በረሃ ወርዶ ይሠራል ተብሏል» አሉኝ። ሻሻቸውን አስተካከሉና ጨመሩልኝ፦ «ፀሐይዋ አታልቅም ካልክ እንግዲህ ባርኔጣህን ያዝ፣ ልጄ።»