ለአንድ ሳምንት ያዋስኳቸው ልጆች

ሰኞ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ አንዲት ቀጭን ወጣት ይዘውልኝ መጡ። ከመምህራን ኮሌጅ ለልምምድ የመጣች ናት። «ሳምንቱን አንደኛ ክፍልሽን እሷ ታስተምር። አርብ ከኮሌጅ ገምጋሚ መጥቶ ወይ ያሳልፋታል ወይ ይጥላታል። አንቺ ከኋላ ሆነሽ አግዣት» አሉኝ። እኔ፣ ግማሹን አቃቂ ፊደል ያስቆጠርኩ ሴትዮ፣ ከኋላ! ያውም ጉልበቴ ከአገጬ በሚገናኝበት የሕፃን ወንበር ላይ! እሺ አልኩ፤ ምን እላለሁ።

እሷ ሆዬ ጠመኔ አነሳችና ወለሉ ላይ ፊደል ጻፈች። ሰሌዳው እያለ! እሷ ትጠራለች፣ ልጆቹ ፊደሉ ላይ ይዘላሉ፤ በትክክል ለዘለለ «አጨብጭቡለት!» ይባልለታል። ክፍሉ ገበያ ሆነ። ማክሰኞ ርዕሰ መምህሩ ጫጫታውን ሰምተው ብቅ ሲሉ አሁን ይቆጧታል ብዬ ስጠብቅ፣ ስቀው ሄዱ።

ቅናቱ የባሰብኝ ግን ረቡዕ ነው። እኛ ጋ ጠዋት ጠዋት ልጆች የመምህር ቦርሳ ለመያዝ በር ላይ ይጋፋሉ። የእኔን ቦርሳ ከመስከረም ጀምሮ ለማንም የማታስነካ አንዲት ልጅ አለች። እናቷ ቂሊንጦ ፋብሪካ በፈረቃ ስለምትሠራ አንዳንድ ቀን ፀጉሯን የምጎነጉንላት እኔ ነኝ። ረቡዕ ግን አጠገቤ ሮጣ አለፈችኝና ከኮዬ ፈጬ አውቶቡስ የወረደችውን የዚያችን ተለማማጅ ቦርሳ ተሸከመች። ቦርሳ ነው እንዴ እሱ? የጨርቅ ከረጢት! ምሳም አልወረደልኝ። አርብ ገምጋሚው ፊት ምላሷ ሲተሳሰር ባየሁ ብዬ ተመኘሁ። አዎ፣ ተመኘሁ!

ሐሙስ ከመውጣታችን በፊት ልጆቹን «ነገ እንግዳ አለ» አልኳቸው። ተንኮል አልነበረውም። እንግዳ ሲመጣ እጅ አጣምሮ ጭጭ ማለትን ያስለመድኳቸው እኔ ነኝ፤ ተቆጣጣሪ በመጣ ቁጥር የምመሰገነውም በዚሁ ነው።

አርብ ገምጋሚው ገብቶ ተቀመጠ። እሷ ወለሉ ላይ ጽፋ «ማን ይዝለልልኝ?» አለች። ዝም። ደግማ ጠየቀች። ያ ሁሉ ልጅ እጁን አጣምሮ ድርቅ ብሏል። ገምጋሚው ራሱን እየነቀነቀ ይጽፋል። የተመኘሁት መጣልኝ! ታዲያ ምነው ደስ አላለኝ? ያቺ ቦርሳዬን የተወችው ልጅ ወደ ኋላ ዞር ብላ፣ ጨዋ ሆንኩልሽ አይደል በሚል ዓይን ፈገግ አለችልኝ። አላስቻለኝም።

ብድግ አልኩ፤ ወንበሩም አብሮኝ ተነሳ። እጄን አውጥቼ «ቲቸር፣ እኔ ልዝለል!» አልኩ። ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ «ቡ!» ብላ ጠራች። ቀሚሴን ሰብስቤ «ቡ» ላይ ዘለልኩ። ወለሉ ተነቃነቀ መሰለኝ። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ፤ የተጣመረው እጅ ሁሉ ተፈታና «እኔ ቲቸር! እኔ!» እያሉ ተንጋጉ። ገምጋሚው ራሱ መጻፉን ትቶ ይስቃል። ማለፏ ያኔውኑ ገባኝ።

«ቆዩ፣ መጀመሪያ አጨብጭቡላቸው!» አለች ወደ እኔ እያመለከተች። በዚያ ክፍል ውስጥ ለእኔ ሲጨበጨብ የመጀመሪያው ነበር። መዳፋቸው እስኪቀላ አጨበጨቡልኝ፤ የሚያዩት ግን እሷን ነበር።