ጎረቤት የጠረገው አመድ

ቱሳ ጨርቅ ሁለቴ ሳይለካ መቀስ የማያነሳ ሰው ነበር። አሰላ ገበያ አጠገብ ባለችው ስፌት ቤቱ ደንበኛ ቢቸኩል፣ ሹም ቢቆጣ፣ ልማዱን አይለውጥም። በ1964 ዓ.ም. ወኪል መጥቶ የእሳት ኢንሹራንስ እንዲገባ ሲጠይቀውም እንዲሁ አደረገ። ውሉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ለወኪሉ ወንበር ሰጥቶ አንቀጽ በአንቀጽ በአማርኛ አስነገረው።

«ቤቱና ሁለቱ የስፌት መኪናዎች ገብተዋል» አለ ወኪሉ።

«የደንበኛ ጨርቅስ? ቢነድ ባለቤቱ የሚይዘው እኔን ነው።»

«ካልተጻፈ አይከፈልም።»

«እንግዲያው ጻፈዋ!»

ወኪሉ ጻፈ። ሊነሳ ሲል፣ «ቃጠሎ ቢደርስ ቶሎ አስታውቅ። የእኛ ሰው መጥቶ እስኪያይ ግን ከፍርስራሹ አንዲት ነገር እንዳትነሳ። እሱም ውል ነው» አለ።

ለቱሳ ነገሩ በደንብ ገብቶታል። ጥፋቱ ለሌላ ሰው አለመንገሩ ነው። ሚስቱ ኢፍቱ ስለ ወረቀቱ ብትጠይቀው «ለክፉ ቀን ነው» ብሎ ዘጋት። ክፉውን ቀን መዘርዘር መጥራት መሰለው።

ክፉው ቀን በቀጣዩ ዓመት ክረምት መጣ። ከከሰል ካውያ የወደቀ ፍም ቁርጥራጭ ጨርቅ ውስጥ ሳይታይ ሲጨስ ቆይቶ ቤቱ ተያያዘ። ቱሳ አንዷን መኪና ጎትቶ ለማውጣት ሲታገል ሁለት እጁ ነደደ። ሆስፒታል ተኝቶ ኢፍቱን ወደ ወኪሉ ላካት፤ ስለ ፍርስራሹ ማሳሰቡን ግን ሕመሙ አስረሳው።

ጎረቤት እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። የሰፈሩ ሽማግሌ ሼህ ሀሰኖ ሰው ጠሩ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አካፋ ይዞ ወጣ። ሸቀጥ ነጋዴዋ ፋናዬ ሱቋን ዘግታ አመድ ስትዝቅ ዋለች። የተጣመመውን ቆርቆሮ፣ የተሰነጣጠቁትን መኪናዎች፣ ግማሹ የነደደውን ጨርቅ ሁሉ ገደል ጣሉት፤ ጎርፉ ጠራርጎ ወሰደው።

ቱሳ እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ ሲመለስ የጠበቀው የተጠረገ መሬትና አዲስ የቆመ ምሰሶ ነበር።

«አመዱን በዓይንህ እንዳታይ ብለን ነው፣ ልጄ» አሉት ሼህ ሀሰኖ በኦሮምኛ፣ ላባቸውን እየጠረጉ።

ቱሳ የወኪሉ ማሳሰቢያ ያኔ ትዝ አለው። «አላህ ይስጥልኝ» አላቸው።

የኢንሹራንሱ መርማሪ ከአዲስ አበባ ደርሶ ባዶውን መሬት ዞሮ አየ።

«መኪናዎቹስ?»

«ጎርፍ ወሰዳቸው፣ ጌታዬ።»

«አስቀድመህ አሽሽተሃቸው ቢሆንስ?»

«ጎረቤቶቼን ይጠይቁ።»

«ያነሱትም እነሱው! ውሉ አይነካ ይላል። ያላየሁትን ነደደ ብዬ አልፈርምም።»

ሼህ ሀሰኖ አማርኛ ብዙም አይገባቸውም። «ማል ጄዴ? ምን አለ?» ብለው ቱሳን ጎተቱት። የመጣው ሁሉ አካፋውን ተደግፎ መልሱን ይጠብቃል። ቱሳ አንድ በአንድ አያቸው።

«ጥፋቱ ያንተ ነው አለኝ» ሲል በኦሮምኛ መለሰ። «ቃጠሎውን በጊዜ አላስታወቅሁም።»

«አይ ቱሳ! ለሰው ሱሪ ሁለቴ የምትለካ፣ የራስህን እንዲህ ትዘነጋለህ?» አሉት ሼህ ሀሰኖ።

መልእክቱን በዚያው ቀን ያደረሰችው ኢፍቱ ቀና ብላ አየችው። በዓይኑ ዝም አሰኛት።

ቤቱ በደቦ ተሠርቶ አለቀ። መኪና ግን የለም፤ የቱሳ ጣቶችም ተጨማደው ከእንግዲህ መርፌ አይዙም። የደንበኞቹን ጨርቅ ለመተካት ላሚቱ ተሸጠች። ሰፈሩ ከልቡ ያዝንለታል፤ አዝኖም «በገዛ ዝንጉነቱ» ይላል።

ጥቅምት ላይ ፋናዬ መጣች።

«እኔም ሱቄን ኢንሹራንስ ላስገባ ነው። አንተ ረሳህ፤ እኔ እንዳልረሳ ንገረኝ።»

ሊሸፋፍንላት አሰበ። ግን ነገ የሷ ቢነድስ? ይኸው ጎረቤት ይኸንኑ አካፋ ይዞ መምጣቱ አይቀርም።

«የሚከፍሉት ለተጻፈው ብቻ ነው፤ ዕቃሽን በየስሙ አስጽፊ። ከነደደ ወዲያው አስታውቂ። ሰውየው መጥቶ እስኪያይ ደግሞ…» የተጨማደዱ ጣቶቹን አየ። «አመዱን ማንም እንዳይነካው።»

ፋናዬ «እሺ፣ እሺ» ስትል ቆይታ ድንገት አፏ ተከፍቶ ቀረ።

«ቱሳ… እኛ ነን?»

ቱሳ ወደ ደጁ አየ።

«እኛ ነን እኮ!»

«ቀስ በይ። ሼህ ሀሰኖ እንዳይሰሙ። በዚህ ዕድሜያቸው ይህን አይችሉትም።»

ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን በአፏ ይዛ ታለቅስ ጀመር። ሼህ ሀሰኖ ወደ መስጊድ ሲያልፉ አዩዋትና ቆሙ።

«ምነው፣ ምን ሆነች?»

«እጄን አይታ ነው» አለ ቱሳ።