ቀኝ ለሚያውቅ፣ ግራ ለማያውቅ

አብላ ኢንሳፍ ስትናደድ ድምጿ ከፍ አይልም፣ ዝቅ ይላል። ተማሪዎቿ ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ስትጮህ እርስ በርስ ይሳሳቃሉ፤ ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል መናገር ስትጀምር ግን ወንበር የሚያንቋቋ አይገኝም። አብላ፣ እትዬ መምህርት እንደማለት፣ የማይላት የለም። ተማሪዎቿም፣ ድሮ ያስተማረቻቸው የተማሪዎቿ እናቶችም፣ በር ላይ ፉል የሚሸጡት ሽማግሌም አብላ ነው የሚሏት። ባል አግብታ ነበር፣ ፈታችው። ለምን ሲሏት "ስናገር ያቋርጠኝ ነበር" ትላለች፤ ሌላ ምክንያት ከአፏ የሰማ የለም።

ዓባይ ባሕር ሊገባ ጥቂት ሲቀረው በሚበታተንበት አገር፣ በጃስሚን ማሳ በተከበበች መንደር፣ ዕድሜዋን ሙሉ ሳይንስ አስተማረች። ያ ስልጠና ባይመጣ ኖሮ እሷም እንደ ባልደረቦቿ ጡረታዋን እየጠበቀች ሻይዋን ትጠጣ ነበር። ከተማ ጠሯቸውና አዲሱ የማስተማር ዘዴ ይሄ ነው አሏቸው፦ ተማሪ በቡድን ይቀመጥ፣ ራሱ ይሞክር፣ ራሱ ይጠይቅ፣ መምህር እየዞረ ያግዝ። መልካም። ይህን ያስተማራቸው ሰውዬ ግን እነሱን በረድፍ ደርድሮ ቀኑን ሙሉ ከወረቀት ሲያነብላቸው ዋለ። ኢንሳፍ ልጠይቅ ብላ ብትነሳ "መጨረሻ ላይ" አላት። መጨረሻ ላይ ደግሞ የምስክር ወረቀት ታደለና ሁሉም ወደ አውቶቡሱ ሮጠ።

እርር ድብን ብላ ነው የተመለሰችው። አዲሱን ዘዴ የጀመረችው ወድዳው እንዳይመስላችሁ፤ በንዴት ነው። ሰውዬው የማያምንበትን ነገር ሠርታ ልታሳየው እልህ ያዛት። በማግስቱ ስድስተኛ ክፍል ገብታ ዴስኮቹን አስጎትታ በየቡድኑ ክብ ክብ አድርጋ ገጠመቻቸው። ውጤቱ ምን ሆነ? ክፍሉ የዓሣ ገበያ ሆነ፤ አንዱ የሌላውን ጆሮ ሲጎትት፣ ሌላው ጀርባውን ለሰሌዳው ሰጥቶ ሱፍ ሲፈለፍል። ለየቡድኑ ጎበዝ አለቃ ብትሾም ጎበዞቹ ሥራውን ጠቅልለው ያዙት፣ የቀሩት ዴስክ ላይ መኪና ሲስሉ ዋሉ። ማታ ማታ ሽንኩርቷን እየከተፈች ከራሷ ጋር ትጣላ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ይተወው ነበር፣ እሷ ግን እልኸኛ ናት።

ለካ ያላየችው ሌላ ነገር ነበር። በዚያ መንደር ጃስሚን የሚለቀመው ጎህ ሳይቀድ ነው፤ ፀሐይ ካገኘው ዋጋ የለውም። ለቃሚዎቹ ደግሞ ሴት ልጆች ናቸው። ከማሳ ቀጥታ ወደ ትምህርት ቤት ይመጣሉ፣ የቀሚሳቸው ጫፍ ርሶ፣ ዐይናቸው እየተጨፈነ። መምህሩ ሁሉ ከኋላ ግድግዳ ሥር ያስቀምጣቸዋል፣ እንዲተኙ። ስማቸው እንኳ "ኋለኞቹ" ነው። ኢንሳፍም ዴስኩን ሁሉ ስታገላብጥ እነሱን ከግድግዳው አላነሳቻቸውም ነበር። አይገርምም?

አንድ ቀን ደብተር ስትሰበስብ ከኋለኞቹ አንዷ ከሆነችው ከቡሰይና እጅጌ የጃስሚን ሽታ አፍንጫዋን መታት። ቡሰይና ክፍል ውስጥ ስትናገር የሰማት የለም፤ ዲዳ ናት የሚሉም ነበሩ። ኢንሳፍ ቆም ብላ አሰበችና "ነገ ሁላችሁም ለቃሚዎች እፍኝ እፍኝ አበባ ይዛችሁ ኑ" አለች። በማግስቱ አንዲት ድስት፣ አንድ የስፒሪት ምድጃና እርጥብ ጨርቅ ይዛ ገባች። ኋለኞቹን ከግድግዳው አንስታ በየቡድኑ አንዳንዷን ደለደለች፤ አበባው የእነሱ ነውና እነሱ ሳይነኩት ማንም እንዳይነካው አለች። ውኃውና አበባው ፈላ፣ እርጥቡ ጨርቅ የተደረገበት ክዳን ሲነሣ ውስጡ ጠብታ አቁሯል። ሁሉም እየተጋፋ አሸተተው። ያን ቀን የተኛ አልነበረም።

ኢንሳፍ ይህ ጠብታ እዚህ ክዳን ላይ ከየት መጣ ብላ ጠየቀች። ጎበዞቹ እርስ በርስ ተያዩ። ቡሰይና ጠብታውን ብዙ አፍጥጣ ካየች በኋላ እጇን አወጣች። እስከ ደረቷ ድረስ ብቻ፣ መልሳ ልታወርደው እንደተዘጋጀች። ልክ ያኔ ደወል ተደወለ፤ ክፍሉ እየተንጋጋ ወጣ። ኢንሳፍ ልጅቷን በር ላይ ይዛ "ነገ ገና ስገባ መጀመሪያ የምሰማው አንቺን ነው" ብላ ቃል ገባችላት።

በማግስቱ ግን ዳይሬክተሩ ኡስታዝ ሸውቂ ከእሷ ቀድሞ ክፍል ገብቶ ጠበቃት። ሸውቂ ክፉ ሰው አይደለም፤ ተቆጣጣሪ ይመጣል ሲባል ግን መያዣ መጨበጫ ያጣል። በሳምንቱ መጨረሻ ይመጣል ተብሏል፣ ስለዚህ ልጆቹ ይለማመዱ። የሚለማመዱት ደግሞ እሱ ራሱ ልጅ ሆኖ የተማረውን ነው። ጥያቄ ሲጠየቅ ሁሉም እጅ ያወጣል፣ አንድም አይቀር። የሚያውቅ ቀኙን፣ የማያውቅ ግራውን። መምህሯ የምትጠራው ቀኝ ያወጣ ብቻ ነው፣ እንግዳው ደግሞ ክፍሉ ሁሉ ሊቅ ይመስለዋል። ያንን ሲያስለፋቸው ቆይቶ ወደ ለቃሚዎቹ ዞረ። "እናንተ ኋለኞቹ፣ ብታውቁም ባታውቁም ግራ" አላቸው።

ኢንሳፍ ደሟ ፈላ። ኮሪደር ላይ አስቁማው ይሄ ማጭበርበር ነው አለችው፣ ልጆቹ ገና አሁን መናገር መጀመራቸው ነው አለችው። እሱም መሐረቡን አውጥቶ ላቡን እየጠረገ፣ ዴስኮቹን እንዲህ ገለባብጠሽ ዝም ያልኩሽ እኔ ነኝ፣ ተቆጣጣሪው ካልወደደው ግን በረድፍ ይመለሳሉ፣ አንቺም ቤተ መጻሕፍት ገብተሽ አቧራ ትጠርጊያለሽ አላት። ሁለቱም ያውቁታል፣ እውነቱን ነው። ኢንሳፍ ጥርሷን ነከሰች። ለአንድ ቀን ነው ብላ ራሷን አባበለች። ሳምንቱ በሙሉ በልምምድ አለቀ፤ ለቡሰይና የገባችውም ቃል እንዲሁ እንደ ዋዛ ቀረ። ልጅቷም አላስታወሰቻትም፣ በታዘዘችው መሠረት ግራ እጇን ስታወጣ ሰነበተች።

ተቆጣጣሪው ኡስታዝ ዋግዲ መጣ። ወፍራም፣ ሳቂታ ሰውዬ ነው፤ ከኋላ ተቀመጠ፣ ሸውቂ አጠገቡ ቆመ። ድስቱ ፈላ፣ ክዳኑ ተነሣ። ኢንሳፍ ያቺኑ ጥያቄ ጠየቀች፤ ጠብታው ከየት መጣ? ክፍሉ በሙሉ እጁን አወጣ። ተቆጣጣሪው "ማሻአላህ" ሲል ተሰማ። ኢንሳፍ ቀኙን ያወጣውን የፀጉር አስተካካዩን ልጅ ጠራች፣ እሱም ትነት ይህ ነው፣ ጤዛ ይህ ነው እያለ መጽሐፉን ትንፋሽ ሳይወስድ ወረደበት። ድስቱን ግን ዞር ብሎ እንኳ አላየውም።

ያኔ ነው ዐይኗ ቡሰይና ላይ ያረፈው። ልጅቷ ግራ እጇን ወደ ኮርኒሱ ቀጥ አድርጋ ዘርግታለች፣ እንዳይወርድባት በቀኟ ክርኗን ደግፋዋለች። ዐይኗ ክዳኑ ላይ ነው፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። መልሱን ይዛዋለች። እያወቀችው ነው እንደማታውቅ ሆና የተቀመጠችው፣ ያውም በእሷ በኢንሳፍ ፊት፣ በእሷ ፈቃድ።

"ቡሰይና፣ ተነሽ" አለች። ድምጿ ወርዶ ነበር።

ሸውቂ ከኋላ ጉሮሮውን ጠረገ። ልጅቷ አልተነሣችም። ግራ ገብቷት ወደ ዳይሬክተሩ አየች፣ ወደ እጇ አየች።

"አብላ፣ እኔ እኮ ያወጣሁት ግራዬን ነው።"

ተቆጣጣሪው መጀመሪያ አልገባውም፤ ከዚያ ገባውና ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ይሄ ነገር አሁንም አለ እንዴ? እኛም እንዲሁ ነበር የምናደርገው!" እንባውን ጠረገ፣ ሰዓቱን አየ። "በይ አብላ፣ በቀኞቹ ቀጥይ፣ ሌላ ትምህርት ቤት ይጠብቀኛል።"

የቡሰይና እጅ ዴስኩ ላይ ወደቀ። ኢንሳፍ ሰው ጥፊ የመታት ያህል ፊቷ ቀላ። "በእኔ ይሳቁ፣ ይገባኛል" አለችው። "ይቺ ልጅ ግን መልሱን ታውቃለች። ቁጭ ይበሉና ይስሟት።" ሰውዬው እሺ ብሎ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ፣ በሳቅ ፊት። ግን ምን ዋጋ አለው፤ ልጅቷ ግንባሯን ዴስኩ ላይ ደፍታለች። ኢንሳፍ አባበለቻት፣ ትከሻዋን ነካች፣ ልጅቷ ቀና አላለችም። ጥቂት ቆይቶ ተቆጣጣሪው ተነሣና ሸውቂን አስከትሎ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ሸውቂ ቢሮ አስጠራት። ገና ስትገባ ሻይ አቀረበላት፣ ጥርሱ አልከደን ብሎታል። ተቆጣጣሪው ክፍሉን አመስግኖ ነው የጻፈው፣ የተማሪው ተሳትፎ እጅግ ከፍተኛ ነው፣ ሁሉም እጁን ያወጣል ብሎ። "አየሽ? አላልኩሽም? ዴስኮችሽ እንዳሉ ይቆያሉ፣ ማንም አይነካቸውም" አላት።

ኢንሳፍ ብርጭቆውን ሳትቀምሰው አስቀመጠችው። "ልጅቷ አልተናገረችም" አለች።

"የቷ ልጅ?" አለ ሸውቂ።

የቷ ልጅ! ሳትመልስለት ወጣች። በሩንም አልወረወረችውም፤ ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው፣ ያ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። እቤቷ እስክትደርስ ያናደዳት ሸውቂ ብቻ አልነበረም። ዴስክ ክብ ማድረግ ምን ይረባል፣ አለች ለራሷ፣ ክቡ መሐል የምታስቀምጫትን ልጅ አንቺው አፏን ከዘጋሻት። ሰዎች ሰላም ሲሏት እንኳ አልመለሰችም።

በማግስቱ ክፍል ገብታ ድስቱን ምድጃ ላይ ጣደች። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ክፍል ውስጥ እጅ አይወጣም አለች። ቀኝም ግራም። የሚናገር ይናገር፣ የማይናገር ያዳምጥ። ጎበዞቹ አጉረመረሙ፤ ተራችን መሆኑን በምን እናውቃለን አሉ። "እርስ በርስ ትጠባበቃላችሁ" አለቻቸው በዚያው በዝቅተኛ ድምጿ።

ክዳኑ ተነሣ። የፀጉር አስተካካዩ ልጅ አፉን ሊከፍት ሲል ዐየችው፣ መልሶ ገጠመው። የምድጃው እሳት ይሰማል፣ ውጪ አህያ ታናፋለች። ኢንሳፍ መስኮቱ ጋ ሄዳ ቆመች፣ ማንንም ላለማየት። ቡሰይና እጆቿ እምቢ እያሉ ሲነሡባት ሁለቱንም ከጭኗ ሥር ከተተችና ተቀመጠችባቸው።

"አብላ፣ ማሳው ላይ ጠዋት ጠዋት ሳይዘንብ ቀሚሳችን እስከ ጉልበት ይርሳል" አለች፣ ለመሰማት እንኳ በሚያስቸግር ድምፅ። "ያ ውኃና ይሄ ውኃ አንድ ናቸው። ሙቀት ያወጣዋል፣ ብርድ ሲያገኝ ይመለሳል።"

ኢንሳፍ ዞር አለች። ጎበዝ ልትላት ነበር፣ ግን ንዴቱ ገና አልበረደላትም። ሄዳ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

"ድገሚው" አለቻት። "ጮክ በይ፣ ያ ቢሮ ድረስ ይሰማ።"

ልጅቷም ደገመችው።