የዘለልኩት ክፍል

በሳምንቱ ቀናት ኮዝሞ ሲቲ በሚባል ሰፈር ሒሳብ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ትሮይቪል ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን የጓሮ ክፍል ለልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። ወላጆቻቸው አብዛኞቹ ከሆሳዕናና ከዱራሜ የመጡ ባለሱቆች ናቸው። ቤታቸው የሚወራው አማርኛ አይደለም፤ ስብከቱና መዝሙሩ ግን በአማርኛ ስለሆነ ልጆቹ እንዲከታተሉ ይፈልጋሉ።

አንድ እሑድ የሆነውን በቅደም ተከተል ላስረዳ። የድምፅ ማጉያውን የምታዘጋጀው ከቅዳሜ ተማሪዎቼ አንዷ፣ የአሥረኛ ክፍል ልጅ ነበረች። የኳየሩ ሙዚቃ ያለው በእሷ ስልክ ላይ ስለሆነ ማጉያው ሲበራ ስልኳን ራሱ ፈልጎ ይያያዛል። በጽሞና ጸሎቱ መካከል አንድ ሰው ማጉያውን አበራው። ልጅቷ ደጅ ቆማ ለብቻዋ የምትሰማ መስሏት ዘፈን ከፍታ ነበርና የአንዲት አሜሪካዊት ዘፋኝ ድምፅ አዳራሹን ሞላው።

ዘፈኑን ወጣቱ ሁሉ ያውቀዋል። የሰባኪ ልጅ የሆነች ወጣት በአባቷ ቤት ሕግ ላይ የምታምጽበት ነው፤ በቪዲዮው ላይ የኳየር ልብሷን በመቀስ ትቆራርጠዋለች። አሜሪካ ውስጥ አጥባቂ ወላጆች ከሬዲዮ እንዲወርድ ጠይቀዋል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አስወደደው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር አለ፣ ዘፈን አለ፤ መካከለኛ የሚባል ነገር የለም። ማጉያው ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ጠፋ። የከፋው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፦ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት ትንንሽ ልጆች አዝማቹን ራሳቸው ጨረሱት።

ማክሰኞ የልጅቷ አባት ደወሉልኝ። ክሊፕታውን ውስጥ ስፓዛ፣ ማለትም የሰፈር ሱቅ አላቸው።

“የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ሰብሳቢ የዘፈኑን ቃል በአማርኛ መስማት ይፈልጋሉ፤ ቲቸር ትተርጉመው ብለዋል” አሉኝ። “ዘፈኑ እንደሚወራው ከሆነ ሆሳዕና ላለችው እህቴ ነግሬያታለሁ። ልጄ ዲሴምበር ላይ ወደ እሷ ትሄዳለች።”

“ትምህርቷስ?”

“እዚያም ትምህርት ቤት አለ።”

የልጅቷ ወረቀት የጥገኝነት ጠያቂ ወረቀት ነው። ይዛው ከዚህ አገር ከወጣች መመለስ የለም፤ ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። የመጣችው በአራት ዓመቷ ነው፤ ሆሳዕናን የምታውቀው በስልክ ላይ ካሉ ፎቶዎች ነው።

ከሥራ መልስ ተቀምጬ ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ አሰመርኩ፤ እንግሊዝኛው፣ ትርጉሙ፣ ማብራሪያው። ዘፈኑ ሦስት ክፍልና አንድ አዝማች አለው። በመጀመሪያው የሰባኪው ልጅ የአባቷን ስብከት እውነት ነው ወይ ብላ ትጠይቃለች። በሦስተኛው ለእናቷ፣ አልጠፋሁም፣ የቤቱን መንገድ አውቀዋለሁ ትላለች። ሁለተኛው ነው ያስቸገረኝ። “በሩን ቆልፈህ እግዚአብሔር ቆለፈው አልክ” ትለዋለች አባቷን፤ “ገላዬ ለመረጥክልኝ ሰው የምታስቀምጠው ዕቃ አይደለም።” ከዚያ በመስኮት ወጥታ የት እንደሄደችና ከማን ጋር እንዳደረች አንድ ሳታስቀር ትዘረዝራለች። በእንግሊዝኛ ስሰማው በጆሮዬ አልፎ የሄደው ቃል፣ በአማርኛ ልጽፈው ስል እጄን አስቆመው።

ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ ልጅቷ ጠረጴዛዬ አጠገብ መጣች።

“ቲቸር፣ ሲሪየስሊ ልትተረጉሚው ነው?”

“ተጠይቄ ነው።”

“ዝም ብለሽ ጌታን ስለመፈለግ ነው በያቸው።” ሳቀች፤ ግን የቦርሳዋን ዚፕ ደጋግማ ትከፍትና ትዘጋ ነበር። “ኤይሽ፣ ሆሳዕና ሄጄ ምን ልሠራ ነው? ላም እንኳን ማለብ አልችልም።”

“ሆሳዕና እኮ ከተማ ነው።”

“አንቺ ደግሞ ሁሉን ነገር ታስረጃለሽ” አለችኝ።

በቤተ ክርስቲያኑ ቢሮ ውስጥ ሰብሳቢውና አባቷ ይጠብቁኝ ነበር። አባቷ ቅዳሜን በሚያህል የገበያ ቀን ሱቃቸውን ዘግተው መጥተዋል። የመጀመሪያውን ክፍል አነበብኩ። አዝማቹን አነበብኩ። ሁለተኛው ክፍል ያለበትን ወረቀት ከሥር አድርጌ ሦስተኛውን አነበብኩ።

“ይኸው ነው?” አሉ ሰብሳቢው።

“ይኸው ነው።”

ወደ አባቷ ዞሩ። “አንተስ፣ ሱቅህ በር ላይ ሲዘፍኑት ትሰማለህ። ይኸው ነው?”

አባቷ መዳፋቸውን እያዩ፣ “ቲቸር እንዳለችው ነው” አሉ።

“እንግዲህ ልጅቷ ሁለት ወር ከኳየር ትረፍ፤ ማጉያውንም ሌላ ሰው ይያዘው። እንጸልይ” አሉ ሰብሳቢው።

በጸሎቱ ጊዜ ዓይኔን መጨፈን አልቻልኩም።

አባቷ መኪናቸው አጠገብ ስደርስ አስቆሙኝ። “ሁለተኛውን ዘለልሽው።”

“በምን አወቁ?” አልኳቸው።

“የሰፈሩ ልጆች ዳቦ ሊገዙ ሲመጡ የሱቁ ብረት ፍርግርግ ፊት ቆመው ይዘፍኑታል። ምን ማለት ነው ብዬ ጠየቅኳቸው፤ እየሳቁ በዙሉ ቋንቋ ነገሩኝ።”

“ታዲያ ለምን ዝም አሉ?”

“ሰብሳቢው ፊት ጮክ ብለሽ ብታነቢው ኖሮ ልጄን መላክ ነበረብኝ።” የመኪናውን በር ከፈቱ። “ዲሴምበር ግን ገና ነው።”

ልጅቷ ታመሰግነኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። “የዘለልሽው እኮ የዘፈኑ ዋናው ነው” አለችኝ በሚቀጥለው ቅዳሜ። “ያለሱ ተራ መዝሙር ነው።”

“ግን እዚህ ቀርተሻል።”

“አውቃለሁ፣ ታንክ ዩ። ግን ዋሽተሻል።”

የዚያን ቀን የቤት ሥራ፣ ከወደዱት ጽሑፍ አንድ ገጽ ወደ አማርኛ እንዲመልሱ ሰጥቻቸው ነበር። ሳምንት ቆይታ ይዛ የመጣችው ያንኑ ሁለተኛ ክፍል ነው። ፊደሎቿ ብዙ ቦታ ተሳስተዋል፤ የሸሸችው ቃል ግን አንድም የለም። ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ አንድም ነገር ሳላርም ተቀመጥኩ። ወረቀቱ እጄ ላይ እንዳለ አባቷ ሊወስዷት በሩ ላይ ደረሱ።

“ዛሬ ምን ሠራች?”

“ትርጉም።”

ወረቀቱን አዩት። “ሙሉ ነው?”

ልጅቷ ከጎኔ ቆማ ነበር፤ ቀና ብላ አየችኝ። አሁንም መዋሸት እችል ነበር።

“ሙሉ ነው” አልኳቸው።

እጃቸውን ዘረጉ፤ ሰጠኋቸው። ሳያነቡ አራት ቦታ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱትና “ሱቅ ስደርስ አየዋለሁ” አሉ።

ይህ ከሆነ ሦስት ሳምንት አልፏል። ስለ ወረቀቱ ያሉኝ ነገር የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ዲሴምበር እስኪገባ አምስት ቅዳሜ ቀርቶናል። ልጅቷ እስካሁን አንድም ቀን አልቀረችም፤ እኔ ግን ገና ስም መጥራት ሳልጀምር ዓይኔ የእሷን ወንበር ይፈልጋል።