የወንድሜ ትንፋሽና የትራክተሯ ዳዶ

ትናንት ከሰዓት ልጄ ስልኩን ይዞ አጠገቤ ቁጭ አለና «አባዬ፣ ከእነዚህ ከሁለቱ የቱ ይሻላል?» አለኝ። ውድ የሸክላ ማጫወቻ ገዝቷል... አሁን ደግሞ ካርትሪጅ የሚሏትን፣ መርፌዋን የምትይዘውን ትንሽ ራስ እየመረጠ ነው። ዘንድሮ ሸክላ ተመልሶ ፋሽን ሆኗል አሉ።

ተነስቼ ውጭ ወጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው... በደርግ ጊዜ መተማ ቆላ ውስጥ የአንድ እርሻ ካምፕ የትራክተር መካኒክ ነበርኩ። እዚያ የነበረ አንድ ፈረንጅ ባለሙያ ወደ አገሩ ሲመለስ የሸክላ ማጫወቻውን ከነስፒከሩ ትቶልኝ ሄደ። እንዲህ ያለ ዕቃ ጎንደር ከተማ እንኳ አይቼ አላውቅም። ሳጥኑ የሁለት ሰው ሸክም ነው፣ ክንዱ ግን እፍ ቢሉት ይንቀሳቀሳል። ችግሩ መርፌው አልቋል።

ያኔ እናቴ ከዳባት ወርዳ እኔ ዘንድ ነበረች። ወባ የምትፈራ ሴት ቆላ የወረደችው ለእኔ ብላ እንዳይመስላችሁ። ታናሽ ወንድሜ ደሳለኝ ከአዲስ አበባ ጠፍቶ በመተማ በኩል ሱዳን ገባ ተብሎ ስለተወራ ነው። ጠዋት ጠዋት መንገድ ዳር ቆማ ከድንበሩ ማዶ ከገላባት የመጣውን ሁሉ «ረዘም ያለ፣ ጥርሰ ፍንጭት ልጅ አላያችሁም?» ትላለች። ያየ የለም።

ደሳለኝ ከመጥፋቱ በፊት ከአንድ ባንድ ጋር ተቀባይ ሆኖ አንድ ሸክላ አስቀርጾ ነበር። ዘፈኑ መሀል ላይ ሌሎቹ ዝም ይሉና እሱ ብቻውን አንድ «አዬ...» ያወጣል። በቃ፣ ያቺው ናት። እናቴ ሸክላውን በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛው ወርዳለች። የመኪናው ሙቀት ግን አንድ ጎኑን አጉብጦታል።

«ድምፁን አንዴ ልስማና ከዚያ በኋላ የመጣው ይምጣ» አለችኝ።

መተማ ዮሐንስ ሱቅ ወዳላቸው ወደ ሐጂ ኢድሪስ ሄድኩ። ወፍጯቸውን ጠግኜላቸው ስለማውቅ ይወዱኛል። ከሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ ከሱዳን የገቡ ሁለት ካርትሪጆች አወጡና መዳፋቸው ላይ አደረጓቸው።

«ይቺ ወፍራሟ የቡና ቤት ናት፣ አትሰበርም። ሸክላውን ግን ታርሰዋለች» አሉኝ። «ይቺ ቀጭኗ ወላሂ ዘፋኙ ሲተነፍስ ሳይቀር ታሰማሃለች። ሸክም ግን አትወድም፣ ያ ዞል፣ አንተ ሰው! ሰምተኸኛል?»

«ሰምቻለሁ ሐጂ» አልኩና ቀጭኗን መረጥኩ። ሰማሁ እንጂ ልብ አላልኩም።

እሁድ ቀን የጋራዡን ጄነሬተር አስነስቼ ገጠምኳት። ድምፁ ጥርት አለ... እናቴ ባዶ በርሜል ላይ ተቀምጣ አገጯን በመዳፏ ይዛለች። ልክ ደሳለኝ ዘንድ ስትደርስ መርፌዋ ሸክላው የጎበጠበት ላይ ዘላ አለፈች። ደገምኩ፣ ዘለለች። ሦስተኛ ሞከርኩ፣ ዘለለች።

«እሱን ነው እኮ የምትዘለው!» ብላ ጮኸችብኝ።

ጠጅ ቤት ሸክላ ሲዘል ክንዱ ላይ ሳንቲም ማስቀመጥ የተለመደ ነው። እኔ ደግሞ መካኒክ ነኝ... ማረሻው መሬት አልነክስ ካለ ክብደት ጨምርበት ተብዬ ነው ያደግሁት። ኪሴ ውስጥ የትራክተር ብሎን የምታስር ዳዶ ነበረች። እሷን ካርትሪጇ ላይ ጫንኳት።

ሠራ! መጀመሪያ አንዲት ትንፋሽ ተሰማች፣ ሊዘፍን አየር ሲስብ... ከዚያ «አዬ»ው መጣ።

«እሱ ነው!» አለች እናቴ። «በሕፃንነቱም ሊያለቅስ ሲል እንዲሁ ነበር አየር የሚስበው።»

ተነስታ ስፒከሩን ሳመችው። እኔም አለቀስኩ። ሙያዬን እንደዚያ ቀን ወድጄው አላውቅም።

«ድገመው የኔ ጌታ» አለችኝ። ደገምኩት። በሚቀጥለው እሁድም፣ ከዚያ በሚቀጥለውም...

አራተኛው ወይ አምስተኛው እሁድ ይመስለኛል፣ መርፌዋ ጫፍ ላይ ጥቁር ብናኝ አየሁ። የምን ብናኝ እንደሆነ ወዲያው ገብቶኛል፤ እሷ እንዳታይ ቶሎ እፍ ብዬ አራገፍኩት። ቀጭኗን መርፌ በገዛ እጄ ማረሻ አድርጌያታለሁ። መጀመሪያ የጠፋችው ያቺ ትንፋሽ ናት። ዳዶዋን ሳነሳ መርፌዋ ደሳለኝን ትዘለዋለች፣ ስጭናት ደግሞ ትፍቀዋለች።

«እማዬ፣ ለትንሽ ጊዜ እናሳርፈው» አልኳት።

«እሱን አምጣልኝና ሸክላውን አሳርፈው» አለችኝ።

አጫወትኩላት።

አንድ ቀን ሐጂ ለሥራ ካምፑ መጥተው ዳዶዋን ሲያዩ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ።

«ምነው ልጄ! የጎበጠ ሸክላ እኮ በሁለት መስታወት መሀል አድርገው ፀሐይ ላይ ትንሽ ሲያሰጡት ይቃናል። መተማ ላይ ፀሐይ ጠፍቶ ነው?»

እንዳሉት አደረግሁ። ሸክላው ተቃና፣ መርፌዋም ያለ ዳዶ መዝለሏን ተወች። ደሳለኝ የነበረበት ቦታ ላይ ግን ሽሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ ቀርቷል። እናቴን «አርጅቶ ነው» አልኳት። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን እስክትሞት አልነገርኳትም፤ ዛሬም ድረስ የሚበላኝ እሱ ነው።

እሷ ግን እሁድ እሁድ ማስከፈቷን አልተወችም። ቦታው ሲደርስ እጇን ታነሳና «ዝም በል፣ አሁን ሊገባ ነው» ትለኛለች። ሽሽሽ... ያልፋል። እሷም ራሷን ነቅንቃ እጇን ታወርዳለች።

ደሳለኝ እንደወጣ ቀረ።

ዛሬ ጠዋት ልጄ ተመልሶ መጣ። «አባዬ፣ አልነገርከኝም እኮ፣ የቱን ልምረጥ?»

እኔ እንጃ ልጄ... እኔማ በትክክል ነበር የመረጥኩት።