ሰዓቱ ከበሩ ሲጀምር

በመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከኮሪደሩ ጥግ ባለችው ጠባብ ክፍል የምትሠራውን ሴትዮ ባልደረቦቿ «ሰንጠረዥ» ይሏታል። ስሙ በከንቱ አልወጣላትም። ቤቷ ብትገቡ እንኳ ልጆቿ ዕቃ የሚያጥቡበት ተራ በአራት ዓምድ ተሰምሮ ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ተረኛ፣ ዕቅድ፣ ክንውን፣ የልዩነት ምክንያት። ሁለተኛው ልጇ አንድ ቀን በመጨረሻው ዓምድ ላይ «እንቅልፍ» ብሎ ሞላበት። እሷም ስቃ ስታበቃ «ምክንያቱ ተቀባይነት የለውም» ብላ ፈረመችበት።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራችው ይህንኑ ነው። መሥሪያ ቤቱ በሚመጣው ዓመት ምን ሊሠራና ስንት ሊያወጣ እንዳሰበ፣ ካለፈው ዓመት ዕቅድም ምን ያህሉን እንደፈጸመ የሚገልጸውን ሪፖርት ለምክር ቤቱ ታዘጋጃለች። እዚያ ገብቶ የሚያነበው ግን ኃላፊው ነው። እሷ ሰው ፊት መናገር አይሆንላትም፤ ስብሰባ ላይ ስሟ ሲጠራ አንገቷን እንደ ኤሊ ትሰበስባለች።

ጣጣው የመጣው ከገዛ ቤቷ ነው። ታክሲ ነጂው ባሏ ፈቃዱን ሊያሳድስ ሄዶ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ዘፍ አለ።

«ሪፖርትሽ ላይ ባለጉዳይ በስንት ደቂቃ ይስተናገዳል ነው ያልሽው?»

«በሃያ ስምንት።»

«እንግዲያው የእናንተ ደቂቃ ከእኛ ይረዝማል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተገትሬ መምጣቴ ነው።»

«ታጋንናለህ።»

«ባጋንን ሦስት እልሽ ነበር።»

ነገሩ ሲከነክናት አደረ። በማግስቱ ምድር ቤት ወርዳ በመስኮት ባለጉዳይ የምታስተናግደውን ሠራተኛ ሰዓቱን እንዴት እንደምትይዝ ጠየቀቻት።

«ባለጉዳዩ ወረቀቱን ሲያቀብለኝ እጀምራለሁ፣ ፈቃዱን ስሰጠው አቆማለሁ።»

«ከዚያ በፊት የቆመውስ?»

«እሱማ የራሱ ጊዜ ነው።»

ሰንጠረዥ ያንኑ ዕለት ደብተር ገዛች። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ፣ አንዴ ጠዋት አንዴ ከሰዓት እያለች፣ አሥራ ሁለት ጊዜ ከበሩ ጀምራ ተሰለፈች። ከፊቷ ያለው ሰው ፈቃዱን ተቀብሎ ሲወጣ ሰዓቱን ትጽፍና «የረሳሁት ወረቀት አለ» ብላ ከሰልፉ ትወጣለች። አንድ ሽማግሌ አንገታቸውን አስግገው ደብተሯን አዩ።

«ምንድን ነው የምትጽፊው፣ ልጄ?»

«የምንቆምበትን ሰዓት ነው፣ አባባ።»

«ደብተሩ ይበቃሻል?»

አማካዩ መቶ አሥራ ሁለት ደቂቃ ሆኖ ወጣ።

ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ ቁጥር ሲከፋ ግን ያመዋል። ረቂቁን አይቶ መነጽሩን አወለቀ።

«ይህን ይዤ ምክር ቤት ልግባ? አጥንቴን ነው የሚግጡት። አራት ተጨማሪ መስኮት ለመክፈት በጀት እየጠየቅን እንደሆነ ረሳሽው? ሦስት ዓመት ከልክለውናል። ሃያ ስምንት በዪና ይለፍ።»

«ያንን እኔ አልጽፍም። ሌላ ሰው ይጻፍልዎት» አለች። ድምጿ ለራሷም አልተሰማትም፤ እሱ ግን ሰምቷል።

ሪፖርቱ የሚገባው በማግስቱ ነው። እሷን የሚተካ ደግሞ የለም። ኃላፊው መነጽሩን መልሶ አድርጎ፣ «ይሁን። ግን አብረሽኝ ትገቢያለሽ፤ የምታስረጂውም አንቺ ነሽ። በጀቱን ካስከለከልሽኝ ከሰኞ ጀምሮ መዝገብ ቤት ነው የምትሠሪው» አላት።

የምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ ፊት በቀረቡበት ቀን ከኃላፊው ጎን ተቀምጣ ደብተሯን ከጠረጴዛው ሥር በሁለት እጇ ይዛው ነበር። ሰብሳቢዋ ገጹን በእርሳስ ነካ ነካ አደረጉ።

«ዓምና ሃያ ስምንት፣ ዘንድሮ መቶ አሥራ ሁለት። ተኝታችሁ ነው የከረማችሁት?»

ኃላፊው ማይክራፎኑን ወደ እሷ ገፋው።  እሷም ካፈርኩ አይመልሰኝ ብላ ጀመረች።

«አልተኛንም፣ ክብርት ሰብሳቢ። ዓምና ሰዓቱን የጀመርነው ከመስኮቱ ነው፣ ዘንድሮ ከበሩ። ሰዉ ግን ዓምናም የተሰለፈው ከበሩ ነበር።»

አንድ የኮሚቴ አባል ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሞከረ፤ አልሆነለትም። ሰብሳቢዋ አልሳቁም። የቆዩ ቃለ ጉባኤዎች አስመጥተው ገለጡ።

«ሦስት ዓመት መስኮቱን ለምን እንደከለከልናችሁ ታውቃላችሁ? በሃያ ስምንት ደቂቃ ሰው የሚሸኝ መሥሪያ ቤት ተጨማሪ መስኮት ምን ያደርግለታል ብለን ነው። እዚህ ተጽፏል።»

 በዚያ ባማረ ቁጥር የገዛ በራቸውን ሲዘጉ መክረማቸው ለኃላፊው ያን ጊዜ ነው የገባው።

«ለምን እውነቱን አልነገራችሁንም?»

«እኛም አላወቅነውም» አለች ሰንጠረዥ። «ወርደን አላየነውም።»

ሰብሳቢዋ ሩብ ሰዓት ያህል ወረዱባቸው። የሦስቱ ዓመት ሪፖርት ታርሞ በጽሑፍ እንዲቀርብ፣ ከእንግዲህም ልኬቱ ከበሩ እንዲጀምር አዘዙ። ከአራቱ መስኮቶች ግን ለሁለቱ ተፈቀደ። «በእነዚህ ሠርታችሁ አሳዩንና ለቀሩት ተመለሱ» ተባሉ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ኃላፊው ወደ ጠባቧ ክፍል መጣ። መዝገብ ቤት የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። ወንበር አጥቶ የሪፖርት ክምር ላይ ተቀመጠና «ለመጪው ዓመት ስንት ደቂቃ እናቅድ?» አላት።

«ሰባ አምስት።»

«ሁለት መስኮት ተጨምሮልን? ስድሳ ብንል ያምራል እኮ።»

«ማማሩንስ ያምራል። አዲሶቹ ሠራተኞች ሥራ እስኪለምዱ ግን አንደርስበትም።»

«ሰባስ?»

ደብተሯን ገልጣ ከፊቱ አኖረችው።

«አንቺን ገበያ ላይ ያገኘ ነጋዴ ወዮለት» አለና ብዕሩን አውጥቶ ሰባ አምስት ብሎ ጻፈ።